በአንድ ርስት ላይ ሁለት ጠመንጃ

ባለፈው ሰሞን የአፍሪካ ታሪክ መምህራችን እንግሊዝ ናይጄሪያን በተዘዋዋሪ እንዴት እንደገዛ ሲያስረዱን ቆይተው «ጥያቄ አለ?» ቢሉ፣ ከኋላ ወንበር አንዱ ጓደኛችን እጁን አነሣና «ይኸ እኛን ምን ይመለከተናል? እኛ እኮ አልተገዛንም» አለ። ክፍሉ ሳቀ፤ ከፊሉም አጨበጨበ። ከአዳራሹ ስንወጣ ግን ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ የመጣን ጥቂት ያገር ልጆች ነገሩ ከንክኖን ሻይ ቤት ተሰበሰብን። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ጠብ ተነሣ። አንዱ ሌላውን «ያያትህን ሥራ እኮ እናውቃለን» አለው። የተባለው ልጅ ብርጭቆውን አስቀምጦ ሄደ፤ እስከ ዛሬም ከኛ ጋር ሻይ አይጠጣም። ይህች ጽሑፍ ከዚያ ጠረጴዛ የተነሣች ናት። አልተገዛንም የምንል ሰዎች ከሰማንያ ዓመት በላይ ባለፈው ነገር ዛሬ ለምን እንደምንኮራረፍ መጠየቅ ይገባናል ብለን ነው።

መጀመሪያ መምህራችን ያስተማሩንን ባጭሩ እንበል። ተዘዋዋሪ አገዛዝ ማለት ባዕድ ገዢ በራሱ ሰው ሳይሆን ባገሬው ሹም እጅ ሲገዛ ነው። ግብር የሚሰበስበው፣ ሰውን ለጉልበት ሥራ የሚያስወጣው፣ ለዳኝነት የሚቀመጠው ያገሩ ባላባት ነው፤ ከኋላው ግን አንድ እንግሊዛዊ ደብተሩን ይዞ ተቀምጧል። ሉጋርድ ይህን በሰሜን ናይጄሪያ ኤሚሮች ላይ ከሞከረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1914 ሰሜኑና ደቡቡ ሲዋሐዱ ወደ ዮሩባ አገርም ተሻገረ። ዮሩባ አንድ ቋንቋ ይናገር እንጂ አንድ መንግሥት አልነበረም። ጥንት ኃያል የነበረው የኦዮ መንግሥት በ19ኛው መቶ ዓመት ወድቆ፣ ኢባዳን የሚባል የጦረኞች ከተማ በልጦት ነበር። በኢባዳን ሹመት በጀግንነት እንጂ በዘር አልነበረም። ይኸው ኢባዳን ከኤኪቲና ከኢጄሻ ሰዎች ጋር እ.ኤ.አ. በ1877 በጀመረው የኪሪጂ ጦርነት ለዓመታት ተፋልሟል። ታዲያ እንግሊዝ ከነዚህ ሁሉ ማንን ይሹም? ዐይኑ ያረፈው ጥንታዊ ዘውድ ባለው፣ በኦዮው ንጉሥ በአላፊኑ ላይ ነው። ካፒቴን ሮስ የሚባል ሹም እ.ኤ.አ. ከ1906 እስከ 1931 በኦዮ ተቀምጦ የአላፊን ላዲግቦሉን ሥልጣን ከፍ ከፍ እያደረገ፣ በጉልበቱ የተነሣውን ኢባዳንን ከበታቹ አዋለው። እ.ኤ.አ. በ1916 የኢሴይንና የኦኬሆ ሰዎች በዚህ አገዛዝ ላይ ቢነሡ በጦር ተመቱ። ኢባዳን ከኦዮ የተላቀቀው በ1934 ነው። ድሮም ከተማ ከከተማ ይጣላ ነበር፤ ልዩነቱ ድሮ ያሸነፈ ነገ ይሸነፋል፣ የተሸነፈም ይታረቃል። እንግሊዝ ግን የአንዱን ቀን ሚዛን ይዞ ማኅተም መታበት። ከዚያ ወዲያ ጠቡ ከጎረቤት ጋር መሆኑ ቀርቶ ከማኅተሙ ጋር ሆነ።

ወደ ራሳችን እንመለስ። መንዝ በሦስት ይከፈላል፤ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድር፣ ጌራ ምድር። አባቶች ሲተርኩ ማማ፣ ላሎና ጌራ አገሩን ያቀኑ ሦስት ሰዎች ናቸው ይላሉ። ከሰሜኑ ግሼ አለ (ከአምባሰሉ ግሸን ማርያም ጋር የምታምታቱ አላችሁ፤ ተዉ እባካችሁ)። ወንጪትን ተሻግሮ መርሐቤቴ፣ ከመርሐቤቴ ጀማን ተሻግሮ ሰላሌ ነው። በዚህ ደጋ ሰው ርስቱን የሚቆጥረው ባባቱም በናቱም ነው። ከዚህ የተነሣ አንድ ባላገር በአራት በአምስት ቦታ «የአያቴ ድርሻ አለኝ» ሊል ይችላል፤ ይላልም። የመንዜ ሙግት ወዳድነት በቀልድ የሚነሣው ለዚህ ነው። ነገር ግን በዚህ ውስጥ አንድ ቁም ነገር አለ፤ የሙግት ባላጋራህ ሁልጊዜ ዘመድህ ነው። ዘመድህ ባይሆንማ በርስቱ ላይ ምን አገናኛችሁ? ዛሬ በችሎት የተሟገትከው ሰው ነገ ለቅሶህን ይደርሳል፣ ከነገ ወዲያ ልጁን ለወንድምህ ልጅ ይድራል። ደም እንኳ ቢፈስ ሽማግሌ ገብቶ በካሳ ይደርቃል። ጭቃ ሹምነቱ በባለርስቶች መካከል በየተራ የሚዞር ነበርና ዛሬ የተሾመብህ ሰው ነገ ባላገርህ ነው፤ ይህን እያወቀ እጁን ይሰበስባል።

የጓሳው ነገርም እንዲሁ ነው። ያ ሰፊ የሣር ተራራ ለአስቦና ለጌራ ወገኖች የተከፈለ፣ ዘመን ጠብቆ የሚዘጋና የሚከፈት፣ በመረጡት አለቃ የሚጠበቅ የጋራ ሀብት ነበር። ዘግቶ የሚከፍተው ቤተ መንግሥት ሳይሆን ራሳቸው ናቸው። ሥርዓቱ ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ መቆየቱን ስናስብ፣ ያልተማረ የሚባለው ባላገር የጎረቤትን ጠብ በልክ መያዝ ያውቅ ነበር እንላለን።

ይህን ስንጽፍ አገራችንን ገነት ለማስመሰል አይደለም። ገባሩ ይበዘበዝ ነበር፤ ሴት ርስት ብትወርስም ባደባባይ ቆማ የምታሸንፈው ስንቷ ነበረች? ደግሞም ቅን እንሁን፤ በባላባት እጅ መግዛትን እኛም እናውቅበት ነበር። ነጋሲ ከመንዝ አጋንቻ ተነሥቶ የሸዋን አገዛዝ ሲመሠርት፣ ሹመቱን ለማጽናት ወደ ጎንደሩ ወደ ቀዳማዊ ኢያሱ ሄዶ እዚያው ነው የሞተው። ከሱ የተወለደው የሸዋ ቤት በምኒልክ ዘመን ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ሲዘረጋ፣ የጅማው አባ ጅፋር፣ የነቀምቱ ኩምሣ ሞረዳና የቄለሙ ጆቴ ቱሉ እየገበሩ አገራቸውን እንዲያስተዳድሩ ተደርጓል። የጅማው እስከ 1924 ዓ.ም. ቆይቷል። በሌላው አገር ደግሞ ያገሬውን ባላባት ሲሶ መሬት አስይዞ፣ የቀረውን ለነፍጠኛ አከፋፍሎ መግዛት ነበር። ከዚያ ነፍጠኛ ውስጥ ብርድና የርስት ጥበት ያስወጣው የመንዝ ልጅ ጥቂት አልነበረም። የዚያ አገር ሰው ባላባቱን በምን ዐይን ያየው እንደነበር፣ ከኛ ይልቅ ከዚያ የመጡት ጓደኞቻችን ቢጽፉት ይሻላል። እኛ የምንለው፣ ይህ ነገር ወደ ገዛ ደጃችን ሲመጣ ፈጽሞ እንግዳ አልነበረም።

ጣልያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ሙሶሊኒ ገና ሲጀምር የያዘው አቋም ከሉጋርድ ተቃራኒ ነበር፤ ለራሶች ሥልጣን የሚባል ነገር አይኖርም፣ ኢጣሊያ በቀጥታ ትገዛለች። የቅኝ ግዛት ሚኒስትሩ ሌሶናም በባላባት መግዛትን የእንግሊዝ ልማድ ነው ብሎ የሚንቅ ሰው ነበር። በዚያው ዓመት ግንቦት 24 ቀን በወጣው ሕግ አገሩን ከኤርትራና ከሶማሊያ ጋር አንድ ላይ አድርገው፣ «አማራ»፣ «ጋላና ሲዳማ»፣ «ሐረር» እያሉ ቆራረጡት። ስሞቹን የጻፍናቸው በወረቀቱ ላይ እንዳሉ ነው፤ መሬት ላይ ግን ሕዝቡ እንደዚያ ተለያይቶ አልተቀመጠም። ከመንዝ ቁልቁል ይፋት ወርዶ ገብሱን በጥጥ የሚለውጥ ክርስቲያን፣ ሽቅብ ወጥቶ በግ የሚገዛ ሙስሊም፣ በገበያ የሚገናኝ ጎረቤት ነው። ፋሽስቱ ግን አንዱን «የተጨቆነ»፣ ሌላውን «ጨቋኝ» ብሎ በየሃይማኖቱ መዘገበው። ለአንዱ መስጊድ ይሠራል፣ የሌላውን ገዳም ያቃጥላል።

ባላባት አንፈልግም ያለው ጣልያን የተማረከለትን ባላባት ምን አደረገው? ጎረቤታችን ሰላሌ ይመስክር። የራስ ካሣ ልጆች አበራ ካሣና አስፋ ወሰን ካሣ ዘምተው ከቆዩ በኋላ፣ የጎጃሙ ራስ ኃይሉ በመካከል ገብተው «ምንም አትሆኑም» ተብለው ፍቼ ላይ እጃቸውን ሰጡ። ታኅሣሥ 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ተረሸኑ። በኛ ሐሳብ ከዚህች ቀን ጀምሮ በሰሜን ሸዋ ቃል የሚባል ነገር ረከሰ። ሽምግልና የሚቆመው በቃል ነው፤ የአገር ትልቅ ሰው መሐል ገብቶ የታረቀ ሰው ከተረሸነ፣ ከእንግዲህ ማን ማንን ያስታርቃል? ልብ በሉ፣ ጥይቱን የተኮሰው ጣልያን ነው፤ ቃሉን ያደረሰው ግን የኛው ራስ ነው።

ከየካቲት 12 እልቂት በኋላ የመጣው ይታወቃል። ጀኔራል ማሌቲ ግንቦት 1929 ዓ.ም. የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት ፈጀ፤ ወጣቶቹን ዲያቆናት ደግሞ ወደ ደብረ ብርሃን አቅራቢያ ወስዶ እንገጫ ላይ አስረሸናቸው። ጣልያን በራሱ መዝገብ ከ400 በላይ ብሎ የጻፈውን ቁጥር ኋላ የተደረገ ምርመራ ከ1000 በላይ አድርሶታል። መነኮሳቱን እንዲረሽኑ የታዘዙት ከቅኝ ግዛቱ ጦር ሙስሊም ወታደሮች ነበሩ። ይህ እንዲያው የሆነ አይመስለንም። ገዳዩ ሰንደቅ ዓላማውን ሳይሆን ሃይማኖቱን ይዞ እንዲታወስ ተብሎ የተደረገ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ጣልያን ባላባቱን ገፍቶ በቀጥታ እገዛለሁ ቢልም፣ ይህን ገደላ ገደል አገር በራሱ ወታደር ሊይዘው አልቻለም። ደብረ ብርሃን ተቀምጦ ወንጪት ሸለቆ ውስጥ ማን እንዳለ ከየት ያውቃል? ስለዚህ ከላይ ያልፈለገውን ሹም ከታች ገዛው። በጣልያንኛ ባንዳ ማለት እንዲሁ የታጣቂ ጭፍራ ማለት ነው፤ ስድብ የለበትም። በኛ አፍ ገብቶ ነው የዚህን ያህል የከበደው። የባዕድ ቃል ተውሰን እንደዚህ መራራ ያደረግነው ሌላ መኖሩን እንጃ።

ባንዳ የሆነው ማን ነው? በየክረምቱ እረፍት ሽማግሌ ስንጠይቅ የምናገኘው መልስ አንድ አይደለም። ርቦት የገባ አለ፤ በሬው የታረደበት፣ ክምሩ የተቃጠለበት። ተገዶ የገባ አለ። ለሹመት ብሎ የገባ አለ። ከሁሉ የሚበዛው ታሪክ ግን የርስት ነው። በ1920ዎቹ መጀመሪያ በችሎት የተረታ ሰው፣ ወይም ገና ያልተፈረደለት፣ ከምሽጉ ጠመንጃ ተቀብሎ ይመለሳል። ጠመንጃ ደግሞ በዚያን ጊዜ ቀልድ አይደለም፤ ጣልያን አገሩን ትጥቅ ሲያስፈታ ማኅተም ያለው ጠመንጃ የያዘ እሱ ብቻ ነው። ባላጋራው ታዲያ ምን ያድርግ? ዱር ይገባል፤ አርበኛ ይሆናል። አገር ወዳድነቱን ለማሳነስ አይደለም ይህን የምንል። ነጻነት ብሎ የወጣው እጅግ ብዙ ነው፤ የሞተውም። ነገር ግን በአንድ ጋሻ መሬት ላይ የነበረ የዘመዳሞች ክርክር በአንድ ሌሊት የኢትዮጵያና የኢጣሊያ ጦርነት ሆኖ አደረ። ያ በየተራ ይዞር የነበረው ጭቃ ሹምነት ከእንግዲህ አይዞርም፤ ምሽጉ ላይ የተጻፈ ስም ሆኗል። ሽማግሌ ቢገባ አንዱ ወገን «ጌታዬ ካፒቴኑ ያውቃል» ይላል፣ ሌላው «ደሜን በደሜ» ይላል። ካሳ አልተቆረጠ፣ ምሕላ አልተማለ።

የቀረው ሕዝብስ? ቀን ለባንዳ፣ ሌሊት ላርበኛ እየጋገረ ኖረ። አርበኛም እኮ ይበላል! ባንዳ አጎረስህ ተብሎ ቤቱ የተቃጠለበት ገበሬ፣ አርበኛ አሳደርህ ተብሎ ከተገረፈው ገበሬ ያነሰ አይደለም። ይህን በግጥሞቻችን ውስጥ አናገኘውም፤ በእናቶች ወሬ ውስጥ ግን ሞልቷል።

የዘረቱ ዋሻ ነገር ሳይነሣ አይታለፍም። ከአዲስ አበባ የዘበኛ አዛዥነት ወጥተው በሰሜን ሸዋ አርበኝነትን የመሩት ራስ አበበ አረጋይ ነበሩ። የእርሳቸው ወገን ቁስለኞች፣ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች በመንዝ ዘረት ውስጥ አመጸኛ ዋሻ ገብተው ሳሉ፣ ሚያዝያ 1 ቀን 1931 ዓ.ም. ጣልያን የመርዝ ጋዝ ለቀቀባቸው። ከሁለት ቀን በኋላ እጃቸውን ሰጥተው የወጡትን ወንዶች በገደሉ አፋፍ በሃምሳ በሃምሳ አሰልፎ ረሸናቸው። ሌሊቱን ተዋግተው ያመለጡት ጥቂቶች ናቸው። ማቴዮ ዶሚኒዮኒ የሚባል ጣልያናዊ የታሪክ ጸሐፊ ከመዝገብ ተነሥቶ ዋሻውን ፈልጎ እስኪያገኘው ድረስ፣ ማለትም እስከ 1998 ዓ.ም. ገደማ፣ የውጭው ዓለም ስለሱ አልሰማም። ያገሩ ሰው ግን ያውቅ ነበር። ዐጥንቱ እዚያው ነው። ታዲያ ለምን አልተናገረም? እኛ ያገኘነው መልስ አጭር ነው። ስለ ዋሻው ያነሣ ሰው ወደ ዋሻው የሚወስደውን መንገድ ማን አሳየ የሚለውንም ማንሣቱ አይቀርም። የመራው ሰው ቤት ደግሞ ካንተ ቤት ጋር ተጋብቷል።

ግራዚያኒ ተሽሮ ዱክ ዳኦስታ ሲመጣ፣ ኋላም ጀኔራል ናሲ ሸዋን ሲይዝ፣ ጣልያን ዞሮ ዞሮ ወደዚያው ወደ ናቀው የእንግሊዝ ልማድ መጣ። ባላባት መሾም፣ ማዕረግ መመለስ፣ ደመወዝ መቁረጥ፣ አርበኛውን በእርቅ መጥራት። ከራስ አበበ ጋር ሳይቀር ረዘም ያለ የእርቅ ድርድር ተደርጓል፤ እርሳቸው ግን ጊዜ ገዙበት እንጂ አልገቡም። የፍቼውን ማን ረስቶ! በዮሩባ አገር እንግሊዝ ሰላሳ ዓመት ተቀምጦ ከተማን ከከተማ በላይ አደረገ። በኛ አገር ጣልያን አምስት ዓመት ብቻ ስለቆየ ከተማ ለማበላለጥ አልደረሰም፤ ያን ያህል ወደ ውስጥ ገባና ቤትን ከቤት፣ ወንድምን ከወንድም ለየ። የዮሩባው ክርክር ባደባባይ ነው፤ ማን ዘውድ ይጫን፣ ማን ለማን ይገብር ተብሎ በጋዜጣ ይጻፋል፣ በፍርድ ቤት ይቀርባል። የኛው በጓዳ ነው። ከሁለቱ የትኛው ይብሳል ብትሉን፣ የኛው ይብሳል እንላለን፤ ባደባባይ ያልተባለ ነገር ዳኛ አያገኝምና።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ። በ1934 ዓ.ም. አገሩ በጠቅላይ ግዛት፣ በአውራጃና በወረዳ ተዋቀረ፤ ሹሙም ባለ ደመወዝ ሆነ። በዚያን ጊዜ አንድ የምርመራ ጉባኤ ተቀምጦ ማን ምን እንዳደረገ ቢሰማ ኖሮ ብለን እናስባለን። አልሆነም። በቀል ይቅር መባሉ ደግ ነው፤ ብዙ ደም አድኗል። ነገር ግን ይቅርታው ወዲያው ሹመት ሆነ። ማንበብና መጻፍ የሚችል፣ ቢሮ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ሲፈለግ፣ ከጣልያን ጋር የሠራው ቀድሞ ተገኘ። ዱር የከረመው በጢሙ ተመልሶ ርስቱን ሲጠይቅ፣ አመልክት ተብሎ ማመልከቻውን የሚቀበለው ያ የሸሸው ሰው ነው። በጎጃም በኩል የሆነውንማ አገር ያውቀዋል፤ ጥር 1937 ዓ.ም. አርበኛው በላይ ዘለቀና በጣልያን ጊዜ የባንዳ ጦር መሪ የነበረው ማሞ ኃይሉ በአንድ ቀን ተሰቀሉ። ሁለቱም በአዲሱ መንግሥት ላይ ባጠፉት ተፈርዶባቸው ነው እንጂ፣ በአምስቱ ዓመት ስለሆነው የጠየቃቸው ዳኛ የለም።

የኛ አገር ሰው ግን ያውቅበታል፤ ያልታየለትን ነገር በርስት ክርክር አለበሰው። ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ሽማግሌዎች ከሚያስታውሱት ሙግት ብዙው ስለ ድንበርና ስለ አያት ድርሻ ነው የሚለው። ጠበቅ አድርገህ ስትጠይቅ ከሥሩ የሚወጣው ያ ነው፤ የማን አባት ከምሽጉ በኩል ነበር፣ የማን አባት ከዋሻው በኩል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ርስትን ሲያጠፋ ክርክሩን አብሮ አጠፋው። ልብሱ ተገፈፈ፤ ራቁቱን የቀረው ቃል ግን አለ። ሻይ ቤት ያገኘነው እሱን ነው።

ከሻይ ቤቱ ጠብ በኋላ ከመካከላችን አንዱ ለእረፍት ሲሄድ አያቱን ጠየቃቸው። እትዬ፣ አባታቸው ሁለት ወንድሞች ነበሯቸው፤ አንደኛው ከራስ አበበ ጋር፣ ሁለተኛው ከምሽጉ። ቅድመ አያቱ ለሁለቱም ስንቅ ያዘጋጁ ነበር አሉ፤ የዱሩን ሌሊት፣ የምሽጉን ቀን፣ ከአንድ ምጣድ። የምሽጉ ሰው አንዳንድ ሌሊት ጥይት በቆሎ ውስጥ ደብቆ ይልክ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ሳይልክ ቀረ፤ ለምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። በቤተሰቡ ትውልድ ሲቆጠር፣ ጋብቻ እንዳይቀራረብ እስከ ሰባት ቤት ሲወርድ፣ የዱሩ ሰው ስም ይጠራል። የምሽጉ ስም ሲደርስ እትዬ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። ጓደኛችን ስሙን በወረቀት እንዲጽፍላቸው ለምኗቸው ነበር። «ጻፈው፤ ግን እኔ እያለሁ አታንብበው» አሉት።